መምህሩ አላባረረሽም፣ ወረቀት አምጪ ነው ያለሽ

«ሰላም እትዬ። 16 ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ በ8 ዓመቴ ወጥቼ ያደግኩት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ዘንድሮ በተማሪ ልውውጥ ለአንድ ዓመት ፈረንሳይ መጥቼ ናንት ከተማ አንድ ሊሴ (ሃይስኩል ማለት ነው) ውስጥ ፕረሚየር ክፍል፣ 11ኛ ክፍል እንደማለት ነው፣ ገብቻለሁ። ቨርጂኒያ በፈረንሳይኛ ሁሌም ኤ ነበር የማገኘው። እዚህ ግን የሚያወሩት ምንም አይገባኝም። ሁሉም ይጽፋል፣ እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ። በታሪክ ከ20 6 አገኘሁ። አንድ ቀን አርፍጄ ስገባ መምህሩ የሆነ ነገር ብሎ በሩን አሳየኝ፣ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሌላ ቀን ደግሞ አንዷ መምህርት ተኝተሻል እንዴ ስትለኝ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሰው የሚያናግረኝ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ምሳ ብቻዬን ነው የምበላው። የነቢያት ጾም እየመጣ ነው፣ ካንቲን ውስጥ ምን እንደምበላ አላውቅም። አንዷ ልጅ ደግሞ ማተብሽን ማውለቅ አለብሽ አለችኝ። ለማሚ ሁሉም ጥሩ ነው እያልኩ ነው። ለፈረንጅ ገና ጠቅልዬ ልመለስ? ግራ የገባት፣ ከናንት።»

የኔ ልጅ፣ ሌላውን ሁሉ ትተን ከበሩ እንጀምር።

ያ መምህር አላባረረሽም። ፈረንሳይ አገር ያረፈደ ተማሪ ክፍል ከመግባቱ በፊት ቪ ስኮሌር ወደሚባለው ቢሮ ሄዶ የማርፈጃ ወረቀት ማምጣት አለበት። ወረቀት ካልያዘ ብዙ መምህር አያስገባውም፣ የሚኒስትር ልጅም ቢሆን። ሰውዬው ያለሽ «አሌ ሸርሼ አን ቢዬ» ወይም እንደዚያ ያለ ነገር ይሆናል፣ ሂጂና ወረቀት ይዘሽ ነይ ነው። ወረቀቷን ተቀብለሽ ትመለሻለሽ፣ ታንኳኪያለሽ፣ «ቦንዡር ሙሴ» ብለሽ ትሰጪውና ትቀመጫለሽ። በቃ። አንቺ ሽንት ቤት ስታለቅሺ እሱ ይቺ ልጅ የት ጠፋች እያለ ሳይሆን አይቀርም።

እዚያ አገር የመምህር ሥራ ማስተማር ነው። ማርፈድ፣ መቅረት፣ ፈቃድ፣ ጠብ፣ የጠፋ ጃኬት፣ ይሄ ሁሉ የቪ ስኮሌር ጣጣ ነው። የቢሮው ኃላፊ ሴፔኤ ይባላል። ከሥሩ ደግሞ ኮሪደሩንና ካንቲኑን የሚጠብቁ ወጣቶች አሉ፣ ብዙዎቹ ራሳቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፣ ተማሪው በሌሉበት ፒዮን ይላቸዋል። ተዋወቂያቸው። ዕድሜያቸው ለአንቺ ይቀርባል፣ እንደ መምህር አይጣደፉም፣ አንድ ነገር ግራ ሲገባሽ ሄደሽ ብትጠይቂያቸው ማንም አይስቅብሽም።

ከዚህ የጀመርኩት ወድጄ አይደለም። ካስለቀሱሽ ነገሮች ግማሾቹ እንደዚህ ናቸው። ማንም አልጠላሽም፣ የቤቱን ደንብ ግን ማንም አልነገረሽም። ልጆቹ በዚያ ደንብ ስላደጉ ደንብ መሆኑም አይታያቸውም። እኔ ሁለት ልጆቼን እዚያው አገር ሊሴ አስጨርሻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

ስድስቷን እንይ። በአሜሪካ አስልተሽ 30 ከመቶ፣ ኤፍ፣ አልቆልኛል ብለሽ ይሆናል። እንደዚያ አታስዪ። የፈረንሳይ 20 እንደዚያ አይሠራም። 10 ማለፊያ ነው። ባክ በሚሉት የሊሴ ማጠናቀቂያ ፈተና ላይ 12 ያመጣ «አሴ ቢያን» ይባልለታል፣ 14 «ቢያን» ነው፣ 16 «ትሬ ቢያን» ነው። 16 ከ20 እናንተ ዘንድ 80 ከመቶ ነው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ እዚያ ግን አያት ድረስ ስልክ የሚደወልበት ውጤት ነው። በተለይ ድርሰት በሚጻፍባቸው ትምህርቶች፣ በታሪክ፣ በፈረንሳይኛ፣ 20 ከ20 የሚሰጥ መምህር ብርቅ ነው። ስለዚህ ፕሮኖት በሚሉት፣ ውጤት በሚታይበት የትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ግቢና ከአንቺ ውጤት ጎን የክፍሉን አማካይ እዪ፣ ብዙ ትምህርት ቤት ያሳያል። አማካዩ 9 ወይም 10 ከሆነ፣ ተወልደው ያደጉበት ቋንቋ የሆነላቸው ልጆች ያን ካመጡ፣ አንቺ በሁለት ወር ተኩል ውስጥ 6 ማምጣትሽ እኔን ገርሞኛል። እውነቴን ነው።

ሌላው ነገር ደግሞ እዚያ የታሪክ ፈተና ክብ አጥቁሩ አይደለም። መግቢያ ይጻፋል፣ መግቢያው ውስጥ ጥያቄ ይነሳል፣ ፕሮብሌማቲክ የሚሉት እሱን ነው፣ ከዚያ ሐሳቡ በሁለት ወይም በሦስት ክፍል ይከፈላል፣ መደምደሚያ ይኖረዋል። ናፖሊዮንን በደንብ ብታውቂው እንኳ ያወቅሽውን በዚያ ቅርጽ ካላቀረብሽ ነጥብ ይሄዳል። 14 ወይም 15 ካመጣ ልጅ ወረቀቱን ለምነሽ ፎቶ አንሺ። ይዘቱን ተዪው፣ ቅርጹን ብቻ እዪ፤ የት መስመር ዘለለ፣ የት በማስመሪያ አሰመረ፣ ለመምህሩ አስተያየት ከላይ ምን ያህል ቦታ ተወ። ኮፒ ዱብል በሚሉት ትልቅ ወረቀት ላይ፣ በእስክሪብቶ፣ በእርሳስ አይደለም። እንዲህ ያለው ነገር ተራ ይመስላል፣ ግን መምህሩ ወረቀቱን ገና ሲያነሳ የሚያየው እሱን ነው።

እስከማውቀው ድረስ ለአንድ ዓመት የመጣ የልውውጥ ተማሪ ባክ አይፈተንም። ስለዚህ ይቺ ስድስት የትም አታሳድድሽም። ግን ቨርጂኒያ ላለው የትምህርት ቤትሽ አማካሪ ዛሬ ኢሜይል ጻፊና የዚህ ዓመት ትምህርት እንዴት እንደሚያዝልሽ ጠይቂ። ብዙ ልጆች ይህን ሰኔ ላይ ነው የሚያስታውሱት።

አሁን «ሁሉም ይጽፋል፣ እኔ አያለሁ» ወዳልሽው። ይሄ ነው ዋናው ችግርሽ። በፈረንሳይ ክፍል መምህር ያወራል፣ ተማሪ ይጽፋል፣ የሚያጠናው ራሱ የጻፈውን ነው። የተባዛ ወረቀት ሲሰጥ እንኳ ደብተር ላይ ይለጠፋል እንጂ ደብተሩን አይተካም። ግን ልብ ብለሽ ብትሰሚ መምህሩ ሁለት ዓይነት ድምፅ አለው። አንዱ ፈጣን ነው፣ ማብራሪያ፣ ቀልድ፣ ወሬ። ሌላው ቀስ ያለ ነው፣ ሐረጉን ይደግመዋል፣ «ግራን አን»፣ «ፕቲ አ» እያለ ርዕስና ንዑስ ርዕስ ያስጽፋል። ለጊዜው ፈጣኑን ተዪው። ቀስ ያለውን ብቻ ያዢ። ርዕሶቹን ብቻ ጽፈሽ ብትወጪ ትልቅ ነገር ነው።

የቀረውን ከሰው ትወስጃለሽ። ከኋላ ነው የተቀመጥሽው አይደል? ነገ ሁለተኛው ረድፍ ሂጂ፣ ጽሕፈቷ የሚነበብ ልጅ አጠገብ ተቀመጪ፣ በእረፍት ሰዓት «ቱ ፐ ማንቯዬ ለ ኩር?» በያት። ማስታወሻሽን ትልኪልኛለሽ ወይ ማለት ነው፣ እዚያ አገር ይህን መጠየቅ ነውር የለውም፣ የቀረ ልጅ ሁሉ የሚለው ነው። ፎቶው ስልክሽ ላይ እንዲተኛ ግን አትፍቀጂለት። ማታ ደብተርሽ ላይ በእጅሽ ገልብጪው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የፈረንሳዮቹን የእጅ ጽሕፈት ማንበብ ራሱ አንድ ትምህርት ነው፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውም እንደዚያው ተቆላልፎ ነው።

ከትምህርቱ በፊት በነበረው ማታ ደግሞ የነገውን ርዕስ በእንግሊዝኛ አንብቢ። የፕረሚየር ታሪክ ከ1789 አብዮት ተነስቶ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት የሚሄድ ነው፣ ምንም የተደበቀ ነገር የለውም። ናፖሊዮን ሦስተኛው ማን እንደሆነ አውቀሽ ከገባሽ ጆሮሽ ስሙን ሲሰማ የሚይዘው ነገር ያገኛል፣ ሳታውቂ ከገባሽ ግን ከጫጫታው ጋር ያልፍሻል። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ እንዳታፍሪበት።

ስለ ቁጥር አልጻፍሽልኝም፣ ግን እንዳስቸገረሽ እርግጠኛ ነኝ። መምህሩ «ፓዥ ካትር-ቫን-ዲ-ሴት» ሲል አንቺ ገና «ካትር-ቫን» ላይ 80ን ገልጠሻል፣ ክፍሉ ግን 97 ላይ ነው። ብራስልስ ወይም ጄኔቭ ተመድበሽ ቢሆን ኖሮ «ኖናንት-ሴት» ብለው ይገላግሉሽ ነበር። ያለሽው ናንት ነው፣ ምን ይደረጋል፣ የጎረቤትሽን መጽሐፍ አይተሽ ግለጪ።

«ተኝተሻል እንዴ?» ያለችሽ መምህርት። እንግዲህ የፈረንሳይ መምህራን ምላስ ሹል ነው፣ አንዳንዶቹማ ሳይነክሱ መናገር አይችሉም፣ እኔም አልወድላቸውም። ግን እስቲ በእሷ ዓይን እዪው። ሠላሳ ምናምን ተማሪ ፊቷ ተቀምጧል፣ አንዷ ምንም አትጽፍም፣ ምንም አትልም። የልውውጥ ተማሪ መሆንሽን ጭራሽ ላታውቅ ትችላለች። እኛ ቤት አዋቂ ሲናገር ዝም ማለት ጨዋነት ነው፣ አንቺም ቨርጂኒያ አድገሽ እንኳ ከቤት የወረስሽው ይመስለኛል። እዚያ ግን ዝም ያለ ተማሪ የሰነፈ ወይም የደበረው ተማሪ ነው፣ ውጤት ካርዱ ላይ ሳይቀር «የበለጠ መሳተፍ አለባት» ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ልጆቹ ሲወጡ ወደ ጠረጴዛዋ ሂጂ። «ማዳም፣ ዠ ስዊ ኤሌቭ ኤትራንዤር፣ ዠ ነ ኮምፕራን ፓ ቱ» በያት። የውጭ ተማሪ ነኝ፣ ሁሉም አይገባኝም። ፊት መቀመጥ እንደምትፈልጊ ንገሪያት፣ መዝገበ ቃላት እንድትፈቅድልሽ ጠይቂያት። ያቺው ሹል ምላስ ያላት ሴትዮ በማግስቱ የምትከላከልልሽ ብትሆን አይግረምሽ።

እግረ መንገድሽን ሁለት ሰዎች ፈልጊ። አንደኛው የክፍልሽ ፕሮፌሰር ፕሪንሲፓል ነው፣ እኛ የክፍል ኃላፊ የምንለው። ሁለተኛው ደሌጌ ነው፣ ተማሪዎቹ የመረጡት የክፍል ተወካይ። መንፈቁ ወይም የዓመቱ ሲሶ ሲያልቅ፣ ብዙ ቦታ በፈረንጅ ዲሴምበር አካባቢ፣ መምህራኑ ተሰብስበው ስለ እያንዳንዱ ተማሪ ያወራሉ፣ ደሌጌዎቹም እዚያ ይቀመጣሉ። ከዚያ በፊት ችግርሽን ለአንዱ ደሌጌ ብትነግሪው ስምሽ ሲጠራ አፍ ይሆንሻል። ሥራው ነው፣ ውለታ አይደለም።

የእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ነገር አሳስቦኛል። ደስ ይላል፣ በዚያ ሰዓት ንግሥት ነሽ፣ ሁሉም አጠገብሽ መቀመጥ ይፈልጋል። ግን እንዲህ ከቀጠለ እነሱ በአንቺ እንግሊዝኛ ይማራሉ፣ አንቺ ግን ሰኔ ላይ ባዶ እጅሽን ትሄጃለሽ። ንግድ አድርጊው። የቤት ሥራሽን አርምልሻለሁ፣ አንቺ ደግሞ የኔን ፈረንሳይኛ ታርሚያለሽ በያቸው። ከክፍል ከወጣችሁ በኋላ በእንግሊዝኛ ሲያናግሩሽ በፈረንሳይኛ መልሺ፣ ተሰባብሮም ቢሆን። ይስቁ ይሆናል፣ ሳቃቸው ያልፋል።

ደግሞ ከየት ነሽ ሲሉሽ ከቨርጂኒያ ትያለሽ፣ አይ ከምር ከየት ነሽ ይሉሻል። አሜሪካዊት ትመጣለች ሲባሉ የጠበቁት ሌላ መልክ ነው። ተናደጂ ብልሽ ትናደጃለሽ፣ እኔ ግን ተጠቀሚበት ነው የምልሽ። አንድ ኤክስፖዜ፣ ክፍል ፊት ቆሞ የሚቀርብ ገለጻ፣ አቀርባለሁ ብለሽ ራስሽ ጠይቂ። የቅኝ ግዛት ምዕራፍ ገና ይመጣል፣ እ.ኤ.አ. 1896 ዓድዋ ላይ ምን እንደሆነ ከዚያ ክፍል ውስጥ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የተዘረጋው ሐዲድ፣ በፈረንሳይ ኩባንያ ተሠርቶ በ1917 አዲስ አበባ የገባው፣ እሱም አንድ ርዕስ ነው። ሥነ ጽሑፍ ክፍል ከሆነ ደግሞ አርተር ራምቦ አለልሽ። ፈረንሳዮቹ በልጅነቱ የጻፈውን ግጥም ያጠናሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሕይወቱን ግን ብዙ ተማሪ በወሬ ነው የሚያውቀው። በ1880 ሐረር ገብቶ ቡናና ቆዳ ሲነግድ የነበረ፣ በ1887 ያኔ ገና የሸዋ ንጉሥ ለነበሩት ለምኒልክ ጠመንጃ ይዞ የመጣ ሰው ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ በስሙ የሚጠራ ቤት ዛሬም ይጎበኛል፣ እሱ ራሱ እዚያ ኖሮበታል ማለት ቢከብድም። ተሰባብሮ በሚወጣ ፈረንሳይኛ አሥር ደቂቃ ይህን አውሪላቸው። ከዚያ በኋላ የአሌክሳንድሪያዋ የእንግሊዝኛ ልጅ ብቻ አትሆኚም።

ምሳ። ሰው ብቻውን የሚበላው ካንቲን ብቻውን ስለሚደርስ ነው። ትሪ ይዘሽ ከቆምሽ በኋላ ጠረጴዛ መፈለግ ለማንም ይከብዳል፣ ለፈረንሳዮቹም ይከብዳል። ስለዚህ ነገሩ የሚያልቀው ክፍል ውስጥ ነው፣ ደወሉ ከመደወሉ በፊት። ማስታወሻዋን የምትልክልሽን ልጅ «ቱ ማንዥ አ ላ ካንቲን?» ብለሽ ጠይቂያትና አብራችሁ ውረዱ። እዚያ አገር ምሳ ረጅም ነው፣ መጀመሪያ ሰላጣ ነገር፣ ቀጥሎ ዋናው፣ ቀጥሎ አይብ ወይም ጣፋጭ፣ ዳቦው እስከ መጨረሻው አለ፣ ወሬውም እንደዚያው። ክፍል ውስጥ የማትሰሚው ፈረንሳይኛ እዚያ ነው ያለው። «ዠ ነ ሴ ፓ» ብለሽ የተማርሽው በነሱ አፍ «ሼ ፓ» ሆኖ ይወጣል፣ ግማሹን ቃል ደግሞ ገልብጠው ነው የሚያወሩት። መጀመሪያ ላይ ምንም ባይገባሽ ቁጭ በዪ፣ ብዪ፣ ስሚ። ረቡዕ ከሰዓት ብዙ ቦታ ትምህርት ስለሌለ ልጆቹ ከተማ ይወጣሉ፣ ከምሳ ጠረጴዛ የሚጠሩሽ ወደዚያ ነው።

ጾሙ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ነው፣ እንግዲህ ቀርቧል። የፈረንሳይ የትምህርት ቤት ካንቲኖች በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ሥጋ የሌለው ምግብ እንዲያቀርቡ ሕግ ያስገድዳቸዋል፣ ግን ሥጋ የለውም ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም፣ እንቁላልና አይብ ይበዛበታል። አንቺን የሚያዋጣሽ መጀመሪያ የሚቀርበው ነው፤ የተፈገፈገ ካሮት፣ የምስር ሰላጣ፣ ቀይ ሥር፣ ከዚያ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፍራፍሬ። የሚያቀርቡትን ሴቶች «ሳን ቪያንድ፣ ሳን ፍሮማዥ» በያቸው፣ ሲለምዱሽ ራሳቸው ይጨምሩልሻል። ከቤት ምግብ ይዞ ካንቲን መግባት ብዙ ቦታ ስለማይፈቀድ ምሳ ዕቃ ይዘሽ ከመሄድሽ በፊት ጠይቂ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ትምህርት ቤት እየዋልሽ፣ ገና በማደግ ላይ እያለሽ፣ ባዶ ሆድሽን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቆይ እንዳትይ። ለንስሐ አባትሽ ደውዪና ያለሽበትን ንገሪያቸው፣ እሳቸው የሚሉሽን አድርጊ። የምትኖሪባቸውን ቤተሰቦችም ማዕድ ላይ ከቀረብሽ በኋላ ሳይሆን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ቅዳሜ ቀይ ምስር ገዝተሽ ራስሽ ወጥ ብትሠሪላቸው ደግሞ ጥያቄው ሁሉ ያበቃል። ታኅሣሥ 29 የእኛ ገና ሲሆን እዚያ የትምህርት ቀን ሊሆን ይችላል፣ መቅረት ከፈለግሽ የምትኖሪባቸው ቤተሰቦች ደብዳቤ ጽፈውልሽ ቀደም ብለሽ አስፈቅጂ።

ማተብሽን አታውልቂ። ያቺ ልጅ የሰማችው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን የፈረንሳይ ሕግ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጎልቶ የሚታይ የሃይማኖት ምልክት ማድረግን ይከለክላል፣ ትልቅ መስቀል፣ ሒጃብ፣ ኪፓ። ትንሽ መስቀል ያለው የአንገት ክር ግን አይከለከልም። ነጠላ ተከናንቦ ክፍል መግባት ችግር ያመጣል፣ እሱን ለእሑድ አቆዪው።

እናትሽ። እውነቱን ንገሪያት፣ ግን ማታ ትራስ ላይ ሆነሽ እያለቀስሽ አይሁን። ናንት ሌሊት ሲሆን እሷ ሥራ ላይ ናት፣ የስድስት ሰዓት ልዩነት አላችሁ፣ ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ አንቺ ትተኛለሽ፣ እሷ ግን ስትባትት ታመሻለች። እሑድ ከሰዓት ደውዪላት። የበሩን ታሪክ ንገሪያት፣ አሁን ሲያስቡት ያስቃል።

ልመለስ ወይ ላልሽው፣ እኔ አትመለሺ ነው የምለው። ኅዳር ለሁሉም የልውውጥ ተማሪ መጥፎ ወር ነው። አዲስነቱ አልቋል፣ ቋንቋው አልመጣም፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ፀሐይ ትጠልቃለች፣ በእነሱ አቆጣጠር አምስት ተኩል መሆኑ ነው። የብዙ ልጆች ጆሮ የሚከፈተው ከፈረንጅ ገና በኋላ ነው፣ አንቺ ደግሞ ልክ ሊከፈት ሲል ነው ዕቃ የምትሸክፊው። በዓመቱ መካከል ቨርጂኒያ ብትመለሺ እዚያም ግማሽ ያለፈ ትምህርት ላይ ነው የምትገቢው፣ ብዙ ፕሮግራም ደግሞ አንዴ ከሄድሽ መመለሻ የለውም። የክረምቱን እረፍት፣ የፌብሩዋሪውን ማለቴ ነው፣ ቀጠሮ አድርጊው። እስከዚያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጪ፣ ማስታወሻሽን ገልብጪ፣ ምሳ ከሰው ጋር ብዪ። ያኔም እንደዚህ ከሆነ ጻፊልኝ፣ ያኔ ሂጂ ብልሽ እላለሁ።

ይሄ ሁሉ ግን ስለ ትምህርት ቤቱ ነው። የምትኖሪበት ቤት ውስጥ የሚያስፈራሽ ወይም የሚያሳፍርሽ ነገር ካለ፣ ስለ ቤቱ አንድም ቃል አልጻፍሽምና ነው የምጠይቅሽ፣ ፌብሩዋሪን አትጠብቂ። ፕሮግራሙ እዚያ ከተማ የሰጠሽ ተጠሪ አለ፣ ስልኩ ፋይልሽ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ለእሱና ለእናትሽ ደውዪ፣ ለኔ ኋላ ትጽፊያለሽ።